«ፎርማት አድርገውና ተገላገል»? ቆይ እስኪ ወንድሜ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከአንዱ የቴሌግራም ግሩፕ ወደ ሌላው ሲዞር ሰነበተ። ርእሱ «አሮጌ ኮምፒውተርህን ፎርማት አድርገውና ተገላገል» ይላል። ፎርማት ሲሉ ዊንዶውስ ያለበትን ቦታ ጠርጎ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ማለታቸው ነው። ለእኔ ብቻ አምስት ሰው ልኮልኛል። ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ ትንሽ የኮምፒውተር ጥገና ቤት አለችኝ። ጽሑፉ መዞር ከጀመረ ወዲህ ላፕቶፕ በብብቱ ሸጉጦ የሚመጣ ሰው በዝቷል። ገና ከበር «ፎርማት አድርግልኝ» ይላል። «ምን ሆነብህ?» ስለው፣ «ምንም፤ ብቻ ፎርማት ይደረግ» ይለኛል።

ለኪሴማ ጥሩ ነበር። ፎርማት ቀላል ሥራ ነው። ፍላሽ ትሰካለህ፣ ሦስት አራት ቦታ ትጫናለህ፣ ከዚያ ቡናህን እየጠጣህ ትጠብቃለህ። ችግሩ ሌላው የሥራዬ ግማሽ ፎርማት የተደረገ ኮምፒውተር ላይ የጠፋ ነገር መፈለግ መሆኑ ነው። ዝም ማለት ያቃተኝም ለዚህ ነው።

ጸሐፊውን አላውቀውም። አጻጻፉ ደስ ይላል፤ ነገር ቀለል አድርጎ ማስረዳት ይችልበታል። ያለው ባጭሩ ይሄ ነው። አሮጌ ኮምፒውተር የሚንቀራፈፈው ዊንዶውሱ ስላረጀ ነው፤ ፎርማት ሲደረግ እንደ አዲስ ይሆናል። ፋይልህን ዲ (D) በሚባለው የዲስክ ክፍል ላይ ካደረግህ ዊንዶውስ ያለበት ሲ (C) ቢጠፋ አያሳስብህም። አሮጌው ዊንዶውስ ላይ አዲሱን ደርቦ ማሻሻል ቆሻሻን በምንጣፍ መሸፈን ስለሆነ ሁልጊዜ ከዜሮ መጀመር ነው። ዊንዶውስ 10 ስላበቃለት ማንኛውም ማሽን ላይ ዊንዶውስ 11 ይጫን፤ እምቢ የሚል ማሽን ካለ ማለፊያ ዘዴ አለ። በመጨረሻም ፎርማት ቫይረስን ያጠፋል፣ ኮምፒውተሩን ስትሸጥም ምስጢርህን ያጠፋልሃል። አሳጠርኩት እንጂ አላጣመምኩትም።

ከዲ ልጀምር። ሰው የሚያስለቅሰው እሱ ነው።

ሲ እና ዲ ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች የሚመስሉት ሰው ብዙ ነው። አብዛኛው ላፕቶፕ ውስጥ ግን ያለው አንድ ሃርድ ዲስክ ነው። አንዱን ክፍል በቺፑድ ለሁለት እንደከፈሉት ቤት ማለት ነው። ጣሪያው ካፈሰሰ ሁለቱም ወገን ይረጥባል። ዲስኩ ሲሞት ዲ ብቻውን አይተርፍም። ስለዚህ ዲ ላይ ማስቀመጥ ባክአፕ (የመጠባበቂያ ቅጂ) አይባልም፤ ዕቃን ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ማዛወር ነው።

ደግሞስ ማነው በእውነት ዲ ላይ የሚያስቀምጠው? «ሁሉም ዲ ላይ ነው» ይሉኛል። ዴስክቶፑን ስከፍተው ግድግዳው እስኪጠፋ ድረስ በፋይል ተሸፍኗል። ዴስክቶፕ ያለው ሲ ውስጥ ነው። ዶክመንትስ የሚለው ፎልደርም ሲ ላይ ነው። ከኢንተርኔት የወረደው ሁሉ ሲ ላይ ነው፤ ኮምፒውተር ላይ በቴሌግራም የተቀበልከውም እዚያው ዳውንሎድስ ውስጥ ይገባል። ብራውዘሩ ያስታወሰልህ የይለፍ ቃልም እንዲሁ። ሱቅ ያላቸው ሰዎች ደግሞ ፒችትሪ በሚባለው ፕሮግራም የያዙት ሒሳባቸው ብዙ ጊዜ ሲ ላይ መሆኑን የሚያውቁት ከጠፋ በኋላ ነው።

አሁን ጸሐፊው ራሱን በራሱ የሚያፈርስበት ቦታ ላይ ደረስን። በአንድ በኩል «ዲ አይነካም» ይላል። በሌላ በኩል «ዊንዶውስ 11 ጫን» ይላል። ዊንዶውስ 11 በደንቡ የሚፈልገው ዩኢኤፍአይ በሚባለው አነሳስ የሚነሳ ማሽን ነው። እሱ ደግሞ ዲስኩ ጂፒቲ በሚባለው አከፋፈል እንዲከፈል ይፈልጋል። ዊንዶውስ 7 ተጭኖባቸው የኖሩ ማሽኖች ላይ ያለው ዲስክ በአብዛኛው የተከፈለው በአሮጌው ኤምቢአር ነው። እናም መሃል ላይ መጫኛው ቆም ብሎ «እዚህ ዲስክ ላይ መጫን አይቻልም» ይልሃል። የቸኮለ ባለሙያ እዚህ ጋ ምን ያደርጋል? ሁሉንም ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) ያጠፋና እንደ አዲስ ይከፍለዋል። ዲም አብሮ ሄደ። ሲን ብቻ ሊያድስ የመጣ ሰው ባዶ ዲስክ ይዞ ይመለሳል።

መፍትሔ የለውም ማለቴ አይደለም። ዊንዶውስ 10 ላይ ከ2017 ጀምሮ ኤምቢአርን ፋይል ሳያጠፋ ወደ ጂፒቲ የሚቀይር ትንሽ ፕሮግራም አብሮ ይመጣል። እሱንም ቢሆን ፋይሉን ውጭ ሳልገለብጥ አልነካውም። መብራት መቼ እንደሚሄድ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ፤ ያረጀ ላፕቶፕ ባትሪ ደግሞ አምስት ደቂቃ ከያዘ ተመስገን ነው።

ዲ ተርፎም ላይጠቅም ይችላል። ይሄን ያስተማሩኝ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ፍርድ ቤት አካባቢ አቤቱታና ማመልከቻ እየጻፉ የሚኖሩ ሰው ናቸው። አንድ ቀን ጠዋት ላፕቶፓቸውን በፌስታል ይዘው መጡ።

«ልጄ፣ ቫይረስ በላብኝ» አሉኝ።

«ምኑን ጋሼ?»

«ሥራዬን። የ11 ዓመት ጽሑፌን።»

ሌላ ቦታ ፎርማት አስደርገው ነበር። ልጆቹ ዲ እንዳይነካ ተጠንቅቀዋል፤ ይመስገኑ። ፋይሎቹ በሙሉ አሉ፤ ስማቸውም ቀናቸውም ልክ ነው። አንዱን ስከፍተው ግን አማርኛ የለም። የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ቅንፍ፣ የዶላር ምልክት፣ ነጠብጣብ፤ ተደበላልቆ ገጹን ሞልቶታል። «ተበላሽቷል፤ እንደገና ይጻፉት» ብለዋቸዋል።

ጋሼ የሚጽፉት ቪዥዋል ግዕዝ በሚባለው የቆየ የአማርኛ መጻፊያ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት የጋራ የኮምፒውተር መለያ) ውስጥ የገባው በ1999 በፈረንጆቹ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ መጻፊያዎች ፊደላችንን በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ማለትም ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የእንግሊዝኛ ፊደል ነው፤ ላዩ ላይ የአማርኛ መልክ የሚያለብሰው ፎንቱ ነው። ዩኒኮድ ከመጣ በኋላም በለመዱት መንገድ የቀጠሉ ብዙ ናቸው። ፎንቱ ደግሞ የሚቀመጠው ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ነው። ሲ ላይ። ፎርማት ሲደረግ ፎንቱ ሄደ፤ ጽሑፉ ልብሱን አውልቆ ቀረ።

ዎርድ ላይ የፎንት ስም የሚታይበትን ሳጥን አየሁት። ፎንቱ ባይኖርም ስሙ አለ። ፎንቶቹን ጫንኩና ፋይሉን ዘግቼ ከፈትኩት። አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ጋሼ ስክሪኑ ላይ ጎንበስ ብለው የመጀመሪያውን መስመር በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ከዚያ ሁለተኛውን። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ «እዚህ ጋ 'አመልካች' የሚለው ተደግሟል» አሉና ሊያርሙ ተቀመጡ።

ፋይሉ ዲ ላይ ነበር። ጸሐፊው እንዳለው ተርፏል። ማንበቢያው ግን ሲ ላይ ነበር።

ወደ ፍጥነቱ ልሂድ። ጽሑፉ «ፎርማት ሲደረግ እንደ አዲስ ይሆናል» ይላል። ግማሽ እውነት አለው። ዓመታት የተጠራቀሙ፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብረው የሚነሱ ፕሮግራሞች ማሽን ያንቀራፍፋሉ። አዲስ ዊንዶውስ ባዶ ስለሆነ ቀለል ይላል። ይሄን እቀበላለሁ። ግን ፕሮግራሞቹን ከጅምሩ እንዳይነሱ ማድረግ ታስክ ማናጀር በሚባለው የዊንዶውስ መሣሪያ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ለዚያ ቤት አይፈርስም።

አንዲት መምህርት በአንድ ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ፎርማት ያስደረገችው ላፕቶፕ አምጥታልኝ ነበር። «ሁለት ሳምንት ይሮጣል፣ ከዚያ ይተኛል» አለችኝ። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ዲስክ ስለራሱ ጤና የሚመዘግበውን አውጥቶ ያሳያል። ከፈትኩት። ሰማያዊ መሆን የነበረበት ቢጫ ሆኗል። ዲስኩ የተበላሹ ቦታዎቹን በመጠባበቂያ እየተካ ነው የሚኖረው። አንዱን ፋይል ለማንበብ ደጋግሞ ይሞክራል፤ ያን ጊዜ ነው ስክሪኑ ደርቆ የሚቆመው። ፎርማት ይሄን አያድንም። ሙሉ ፎርማት ከሆነ መጥፎ ቦታዎቹን ምልክት አድርጎ ያልፋቸዋል፤ የሚሞት ዲስክ ግን ነገ ሌላ መጥፎ ቦታ ያወጣል። አራት ጊዜ ከፈለችበት። አምስተኛ ፎርማት ጨምሬ ብመልስላትም ኖሮ ሁለት ሳምንት ታመሰግነኝ ነበር።

ያደረግኩት ዲስኩን አውጥቼ ኤስኤስዲ የሚባለውን ፈጣን ዲስክ መክተት ነው። ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚሽከረከር ሳህንና የሚንቀሳቀስ ክንድ አለ። ክንዱ አንድ ነገር ፍለጋ ሲሄድ በአማካይ 10 ሚሊሰከንድ አካባቢ ይፈጅበታል። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ ነገር ስለሌለው 0.1 ሚሊሰከንድ አካባቢ ይበቃዋል። ዊንዶውስ ሲነሳ በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ፋይሎችን ነው የሚለቅመው፤ ልዩነቱን አስበው። ኤስኤስዲ የገባበት የ2012 ላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ ካለው አዲስ ላፕቶፕ ቀድሞ ሲነሳ ዓይኔ አይቷል።

ሌላው ራም ነው፤ ኮምፒውተሩ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ። 4 ጊጋ ራም ያለው ማሽን ላይ 32 ቢት የሚባለውን (ከ64 ቢት የቆየውን) ዊንዶውስ የጫኑበት አለ። 32 ቢት ዊንዶውስ ከ4 ጊጋው ሊጠቀምበት የሚችለው ሦስት ጊጋ ከምናምን ነው፤ የቀረው ተከፍሎበት ዝም ብሎ ተቀምጧል። እንደዚህ ዓይነቱን አሥር ጊዜ በዚያው በ32 ቢት ፎርማት ብታደርገው ያው ነው። አንዳንዱ ላፕቶፕ ደግሞ የሚንቀራፈፈው ስለሚግል ነው። ማራገቢያውን ስትከፍተው የበጋ አቧራ እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፎ ታገኘዋለህ። አቧራ በፎርማት አይጠፋም።

«ሁልጊዜ ከዜሮ» የሚለው ላይ ብዙ አልቆይም። ከ32 ቢት ወደ 64 ቢት የምትሄድ ከሆነ ልክ ነው፤ ደርቦ መሄድ አይቻልም፣ እንደ አዲስ መጫን ግዴታ ነው። ከዊንዶውስ 7 በቀጥታ ወደ 11 ፕሮግራሞችህን ይዘህ መሄድም አይቻልም። ዊንዶውሱ ውስጡ የተበላሸ ከሆነም ከዜሮ መጀመር ይሻላል። እነዚህን ለጸሐፊው ሰጥቻለሁ።

ከዊንዶውስ 7 ወደ 10፣ ወይም ከ10 ወደ 11፣ ሁለቱም 64 ቢት ሆነው፣ ማሽኑ ከተፈቀደለት ግን ፋይልም ፕሮግራምም ሳይነካ መሻገር ይቻላል። አሮጌው ዊንዶውስ ኦልድ በሚል ፎልደር ተጠቅልሎ ይቀመጣል፤ ካልተስማማህ በ10 ቀን ውስጥ ወደ ነበርክበት መመለስ ትችላለህ። ይሄ ዕድል ፎርማት ላይ የለም። መጫኛ ሲዲው ከጠፋ ሰባት ዓመት የሆነው የሒሳብ ፕሮግራም ያለው ነጋዴ ይሄን «ቆሻሻ በምንጣፍ መሸፈን» አይለውም።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ልጨምር። ዊንዶውስን በፍላሽ አስነስተህ ስትጭን ሲን መርጠህ ፎርማት የሚለውን ሳትነካ ወደፊት ብትል፣ መጫኛው የድሮውን ሁሉ ዊንዶውስ ኦልድ ውስጥ ይከተዋል። ፕሮግራሞቹ አይሠሩም፤ ዴስክቶፕ ላይ የነበረው ፎቶ ግን እዚያ ውስጥ አለ። የሚያስፈልገው በቂ ባዶ ቦታ ነው። አንዲት ቁልፍ ባለመጫን ስንት ሰው ይተርፍ ነበር!

ዊንዶውስ 11ን በተመለከተ መነሻው ትክክል ነው። ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉን ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 መሆኑ ነው። የደኅንነት ማሻሻያ የማያገኝ ኮምፒውተር ላይ የባንክ ሥራ መሥራት ጥሩ አይደለም። ግን ዊንዶውስ 10 «ሞተ» ሲባል ነገ ጠዋት አይነሳም ማለት አይደለም። ለሚመዘገቡ ሰዎች እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026 የሚቆይ የደኅንነት ማሻሻያም ማይክሮሶፍት አውጥቷል።

«ማንኛውም ማሽን» የሚለው ግን አያስኬድም። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ክፍል፣ 4 ጊጋ ራም፣ 64 ጊጋ ዲስክና የተፈቀደ ፕሮሰሰር ይፈልጋል። በኢንቴል በኩል ይሄ በአብዛኛው ከስምንተኛ ትውልድ ወዲህ ያለው ነው። ገበያችን ውስጥ የሚዞረው ያገለገለ ላፕቶፕ ደግሞ ብዙው ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ ትውልድ ነው። ማለፊያ ዘዴው አለ፤ እኔም ሠርቼበታለሁ። ነገር ግን ማይክሮሶፍት ለእንደዚህ ዓይነት ማሽን ማሻሻያ እንደሚመጣለት ዋስትና አይሰጥም፤ ትልቁ ዓመታዊ ማሻሻያም ብዙ ጊዜ በራሱ አይመጣም፣ በእጅ መጫን አለበት። የደኅንነት ማሻሻያ ፍለጋ ሄደህ ማሻሻያው የማይታመን ዊንዶውስ ይዘህ ተመለስክ ማለት ነው። ኮር ቱ ዱዎ በሚባሉት የቆዩ ፕሮሰሰሮች ላይ ደግሞ ጭራሽ አይሆንም። 24ኤች2 ከሚባለው እትም ጀምሮ ዊንዶውስ 11 እነዚያ ፕሮሰሰሮች የሌላቸውን ትእዛዝ ስለሚፈልግ ማለፊያው አልፎም ማሽኑ አይነሳም። ያውም ፎርማት ከተደረገ በኋላ ነው ይሄ የሚታወቀው።

ክራኩን፣ ማለትም ያልተከፈለበትን ዊንዶውስ እንደተከፈለበት የሚያስመስለውን ፕሮግራም፣ ደግሞ ጽሑፉ እንደ ቅመም ጣል አድርጎታል፤ «አክቲቬት ለማድረግ አንቲቫይረሱን አጥፋ» ይላል። ቫይረስ ለማጥፋት ፎርማት ያደረገ ሰው፣ የመጀመሪያ ሥራው ዘበኛውን አሰናብቶ የማያውቀውን ፕሮግራም ማስገባት ሆነ።

ለአሮጌ ማሽን በዊንዶውስ ምትክ ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን ነፃ ሥርዓት ሞክር የምለው ለዚህ ነው። 2 ጊጋ ራም ይበቃዋል፣ 4 ቢሆን ይመረጣል። 22 የተባለው ትውልድ እስከ 2029 ማሻሻያ ያገኛል። ከፍላሽ ላይ ሳይጫን ተነስቶ ስለሚሠራ ዲስኩን ሳትነካ ዋይፋዩና ድምፁ መሥራታቸውን ታያለህ። ለሁሉም ሰው አይሆንም። የዊንዶውስ ፕሮግራም የሆነው ፒችትሪ ያለበት መሥሪያ ቤት ውስጥ ብጭነው ያባርሩኛል።

ቫይረሱን በአጭሩ ልለፈው። እዚህ ከተማ የማየው አብዛኛው በፍላሽ የሚዞረው ነው፤ ፎልደሮቹን ደብቆ በቦታቸው ሾርትከት የሚያስቀምጠው። እሱ ዲ ላይም ይቀመጣል፣ ፍላሹም ላይ አለ። ሲን አጥበህ ያንኑ ፍላሽ መልሰህ ከሰካኸው ማታውኑ ተመልሶ ገባ። ፋይሎቹ ደግሞ ብዙ ጊዜ ተደብቀዋል እንጂ አልጠፉም፤ ደንግጦ ፍላሹን ፎርማት ያደረገው ሰው ነው በገዛ እጁ ያጠፋቸው።

ሽያጩ ግን ያስፈራኛል። መጫኛው ላይ ያለው ፎርማት ፈጣኑ ፎርማት ነው። የመጽሐፍን ማውጫ ቀዶ እንደመጣል ነው፤ ገጾቹ አሉ። ሃርድ ዲስክ ከሆነ፣ ላዩ ላይ ሌላ ነገር ካልተጻፈበት፣ ማንም ጎረምሳ በነፃ ፕሮግራም ፎቶህን መልሶ ያወጣዋል። እኔም ለደንበኞቼ የማደርገው ይሄንኑ ነው፤ በፈቃዳቸው። ልትሸጠው ከሆነ ፈጣን የሚለውን ምልክት አንስተህ ሙሉ ፎርማት ይደረግ። ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ ሙሉ ፎርማት ዲስኩን በሙሉ በዜሮ ይሞላዋል። 500 ጊጋ ዲስክ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ይፍጅ። ኤስኤስዲ ላይ ነገሩ ይለያል፤ እዚያ የተሰረዘውን ዲስኩ ራሱ ስለሚያጸዳው መልሶ ማውጣት በጣም ከባድ ነው። ለሻጭ ጥሩ፣ በስህተት ፎርማት ላደረገ ሰው ደግሞ መርዶ።

ይሄ ሁሉ ተብሎ እኔም ፎርማት አደርጋለሁ። ትናንት ሁለት አድርጌያለሁ። ግን መጀመሪያ የዲስኩን ጤና አያለሁ። ከዚያ ዴስክቶፑን ባለቤቱ ፊት እከፍታለሁ፤ «ይሄ ያስፈልጋል? ይሄስ?» እያልኩ። ፎንቶቹን እገለብጣለሁ። የዋይፋይ ድራይቨሩን (ዋይፋዩን የሚያሠራውን ፕሮግራም) ቀድሜ ፍላሽ ላይ አወርዳለሁ፤ አለበለዚያ ኢንተርኔት ለማግኘት ድራይቨር፣ ድራይቨር ለማግኘት ኢንተርኔት እየፈለግህ ትቀራለህ። ይሄ ሁሉ ከፎርማቱ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። ደንበኛ ይሰለቻል። አንዳንዱ «እዚያ ማዶ በግማሽ ሰዓት ይጨርሱታል» ብሎ ይሄዳል።

ጋሼ ባለፈው ሐሙስ ተመልሰው መጡ። የ11 ዓመቱን ጽሑፍ ከነፎንቱ የገለበጥኩላቸውን ፍላሽ አወጡ። ከቤት ቁልፋቸው ጋር በአንድ ቀለበት አስረውታል።

«አሁንማ ከእኔ አይለይም» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ቁልፉ ቢጠፋስ?»

ቀለበቱን አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ። «ሌላ ፍላሽ ስንት ነው?» አሉ።